ባለቤት የሌለው ስም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የጎረቤት ልጅ የጻፈውን ልብ ወለድ ይዞልኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ትሁት፣ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን እንዳይከብደው የሚጠነቀቅ ልጅ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ አይጠፋብኝም፤ ሁለት ሦስት መጻሕፍት ማሳተሜን የሰማ ሁሉ ረቂቁን በፌስታል ጠቅልሎ በሬን ያንኳኳል። ሻይ አቀረብሁለት፤ መነጽሬን አደረግሁና ማንበብ ጀመርሁ። ዋናዋ ሴት «ልጅቷ» ትባላለች። ወንዱ «ሰውየው» ይባላል። እናቲቱ ደግሞ «እናት» ብቻ ናት።

«ስማቸው ማን ነው?» አልሁት።

«ስም አልሰጠኋቸውም፣ እትዬ ዘሃራ። ሆን ብዬ ነው። ስም ካላቸው አንድ አንድ ሰው ብቻ ይሆናሉ፤ ያለ ስም ግን ሁሉንም ይወክላሉ።»

ረቂቁን አጠፍሁት። ፊቴ ተለዋውጦ መሆን አለበት፤ ልጁ ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምን ያውቅና! ያችን «ይወክላሉ» የምትል ቃል በልጅነቴ ሰምቻታለሁ፤ የሰማኋትም ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ጆሮ በሚያደነቁር የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጁን ደህና አድርጌ ሸኘሁት፤ ራሴን ግን ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ ዋልሁ። ብስጭቱ ሲበርድልኝ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

በዚያ በደርግ ዘመን ኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ ቀበሌ አይባልም ነበር። ድምፅ ያለው ይዘፍናል፣ ጉልበት ያለው ይጨፍራል። የእኔ ድምፅ ውሻ የሚያስነሣ፣ እግሬም ከከበሮ ጋር የማይስማማ ስለ ነበር ማንበብ መውደዴ ታየና «ጓዲት ዘሃራ ደራሲ ትሁን» ተባለ። ሰዎች «መጻፍን እንዴት መረጥሽ?» ሲሉኝ «ቀበሌ መደበኝ» እላቸዋለሁ። የቀለድሁ መስሏቸው ይስቃሉ።

የመደበኝ የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ጓድ ሽመልስ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ካኪ ሱሪውን ፍራሽ ሥር አንጥፎ እየተኛበት ይተኩሳል ይባል ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። በዚያ ጊዜ ደግሞ ከክፉው ይልቅ ፈሪው ያስቸግር ነበር፤ ክፉው የሚፈልገው ይታወቃል፣ ፈሪው ግን ዛሬ የፈቀደውን ነገ ይከለክላል።

ክረምቱ እንደ ገባ ጠራኝና ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ቴአትር እንድጽፍ አዘዘኝ። ታሪኩን ራሱ ነገረኝ። አንዲት የገበሬ እናት አንድ ልጅ አላት፤ ባላባቱ መሬቷን ይቀማታል፤ ልጇ ለእናት አገሩ ዘምቶ ይሞታል፤ እናት አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እንባዋን ጠርጋ ትነሣና ትፎክራለች፤ መጋረጃ ይዘጋል። እስከዚህ ተስማማን። ከዚያ ግን ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ።

«ስም የሚባል ነገር እንዳታስገቢ። አርሶ አደር እናት፣ ወጣት ታጋይ፣ ባላባት። በቃ። ስም ካላቸው አንድ አንድ ሰው ብቻ ይሆናሉ፤ እኛ የምንፈልገው ሰፊውን ሕዝብ እንዲወክሉ ነው።»

ነገሩ የመርሕ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሌላ ነበር። በፊተኛው ዓመት በታየው ቴአትር ባላባቱ «ግራዝማች ብሩ» ይባል ነበር። በቀበሌያችን ደግሞ አያ ብሩ የሚባሉ፣ ከአንዲት አንካሳ አህያ በቀር ሀብት የሌላቸው፣ እንጨት ወደ ገበያ የሚያመላልሱ ሽማግሌ ነበሩ። ቴአትሩ ካለፈ በኋላ የሰፈሩ ሕፃናት «ባላባቱ ብሩ! ደም መጣጩ ብሩ!» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። ሽማግሌው ቢታገሡ ቢታገሡ አልሆነላቸውም፤ አንድ ቀን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሳለ አህያቸውን እየጎተቱ አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

«ስሜን መልሱልኝ!» አሉ፣ በዱላቸው ወለሉን እየመቱ። «አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። ድኻ ከስሙ በቀር ምን አለው? እሱንም ወረሳችሁት?»

አህያዋ በበኩሏ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ ማኘክ ጀምራ ነበር። ጓድ ሽመልስ ይቅርታ ለምኖ ሁለቱንም አስወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስም እንደ እሳት ፈራ። አይፈረድበትም፤ ጎንደር ላይ ባለቤት የሌለው ስም ከየት ይመጣል? ይህ የአንዱ አማች ነው፣ ያ የሌላው የንስሐ አባት። ደግሞም በእኛ አገር ስም ከሜዳ አይለቀምም። እናት ከምጧ፣ ከሞቱባት ልጆች፣ ከባሏ ጋር ከነበራት ኩርፊያ ሳይቀር ታወጣዋለች። ማስረሻ የሚባል ልጅ ካያችሁ፣ የሚረሳ ነገር ነበረ ማለት ነው።

እኔም ታዘዝሁ፤ ያለ ስም ጻፍሁ። ልምምዱ የተጀመረ ጊዜ ነው ጉዱ የፈላው። እናቲቱን የምትጫወተው አስካለ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ እንባ የሚሞላላት፣ ተዋናይ ሆና የተወለደች ልጅ። የልጇን ሞት በምትሰማበት ቦታ ፀጉሯን ፈትታ፣ ደረቷን እየመታች፣ «ወጣት ታጋይ! ወይኔ ወጣት ታጋይዬ!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ሬሳ ሆኖ የተጋደመው ከበሮ መቺ ሳቀ። ቀጥሎ ሁላችንም ሳቅን። በመጨረሻ አስካለ ራሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ያዘች።

«እንዴ፣ አንች ዘሃራ!» አለችኝ ሳቋ ሲያባራ። «ሰው በማዕረጉ ይለቀሳል? ወይ ስም አምጭልኝ ወይ እኔ አልጫወትም።»

እልህ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ በቤታችን ሐዘን በትዕግሥትና በዱዓ ነው እንጂ በሙሾ አይደለም። ያደግሁት ግን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነው። አልቃሽ ስትመጣ ዝም ብላ አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ፤ አስቀድማ ስሙን፣ ምን እየተባለ ይጠራ እንደ ነበር ትጠይቃለች። ያለ ስም እንባ መያዣ የለውም፤ ይፈስሳል፣ ይደርቃል፣ የማን እንደ ነበር ሳይታወቅ ይቀራል።

ወደ ጓድ ሽመልስ ሄድሁ። አልፈልግም አለ። በማግሥቱም ሄድሁ። ደራሲነቱን ለሌላ ይስጥልኝ አልሁት፤ አስካለም ጥላ እንደምትሄድ ነገርሁት። እሷን ማጣት አልፈለገም።

«ለልጁ ብቻ» አለኝ በመጨረሻ። «ግን በዚህ ቀበሌ ባለቤት የሌለው ስም ይሁን። ሌላ አህያ አዳራሼ እንዲገባብኝ አልፈልግም።»

እኔ ሞኝ፣ ባለቤት የሌለውን ስም ለማግኘት የመጣልኝ ዘዴ በየቤቱ እየዞሩ መጠየቅ ነበር። ሐምሌ ነው። ከሰፈራችን ከአዲስ ዓለም ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ሆኗል፤ ከየማጀቱ የእርጥብ እንጨት ጭስና የሚቆላ የሽሮ እህል ሽታ ይወጣል። የአባቴን ጃንጥላ ይዤ በር እያንኳኳሁ «እዚህ ቤት አዳነ የሚባል አለ?» እላለሁ፤ «አለ» ይሉኛል፤ እሰርዘዋለሁ። ወንዙ አጠገብ ካሉት ቤቶች አንዱን አንኳኩቼ «ሲሳይ የሚባል አለ?» አልሁ። የከፈተችልኝ ሴት የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

«ምን አደረገ?» አለችኝ። «ምን አደረገ ልጄ? ቤት ነው ያለ፣ ታሞ ተኝቷል፣ የትም አልወጣም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቀይ ሽብር ካለፈ ገና ሁለተኛው ክረምት ነበር። በዚያው በር ላይ ቆመው፣ እንደ እኔው ስም የጠሩ ሰዎች ነበሩ። የተጠራው ልጅ ይወጣል፤ አይመለስም። ሴትየዋን ይቅርታ ለመንኋት፣ ስለ ቴአትሩ ነገርኋት፣ እጇን ይዤ እስክትረጋጋ ቆየሁ። ከዚያ ጃንጥላውን ዘግቼ፣ ዝናቡ እየመታኝ፣ በወንዙ ዳር ብቻዬን ሄድሁ። ስላሉት ልጆች ሳይሆን ስለሌሉት ማሰብ የጀመርሁት እዚያ ላይ ነው።

ደረጀ የሚባል የክፍል ጓደኛ ነበረን። ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ሒሳብ ሲያስረዳ የማይሰለቸው ልጅ። ወድጄው ነበር፤ ለእሱም ለሌላም አልተናገርሁም፤ አሁን ተናገርሁት። በትምህርት ቤትም በቀበሌም ደረጀ ነው። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ግን በዚያ ስም ጠርተውት አያውቁም። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ሁሉ በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ እሳቸው ያወጡለት ስም ሌላ ነበር። ማታ ማታ ከቀሐ ዳር ካለው የጎመን ማሳቸው ሆነው «ኑርልኝ! ኑርልኝ ኧ!» ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። እኛ ደግሞ በማግሥቱ «ኑርልኝ» እያልን እናበሽቀዋለን፤ ይቆጣል፤ ይስቃል።

እሱም በሽብሩ ጊዜ ተጠርተው ከወጡት አንዱ ነው። አስከሬኑ ለእናቱ አልተሰጠም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ ያለቀሰ የጠላት ወገን ይባላል። እትዬ ጥሩወርቅን በማግሥቱ ገበያ አየኋቸው፤ እንደ ወትሮው ነጭ ለብሰው፣ ጎመን ዘርግተው፣ ዓይናቸው ደርቆ ይሸጣሉ። ጎረቤት በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጥና ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ወዲህ ያ ስም በወንዙ ዳር አልተሰማም።

ስሙን ልለምናቸው ሄድሁ፤ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ለእናቴ ጎመን ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው ሊቆርጡልኝ ተነሡ። አይደለም አልሁና የመጣሁበትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። ጎንበስ ብለው አረማቸውን ቀጠሉ፤ የተቆጡ መሰለኝ።

«ምነው?» አሉኝ ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ። «ስሙን ምን ልታደርጊው?»

«በቴአትሩ ውስጥ ያለችው እናት ልጇን ታለቅስበታለች።»

«ጮኻ?»

«አዎ፣ ጮኻ።»

«ሰው እየሰማ?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እትዬ።»

«ማንም ዝም በይ አይላት?»

«አይላትም። ጓድ ሽመልስ ራሱ ነው አልቅሺ የሚላት።»

አረሙን ጥለው ተቀመጡ፤ እርጥቡ መሬት ላይ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አለቀሱ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ያን ቀን በቆሎ እሸት ቆርጨለት ነበር» አሉኝ። «እናቴ ጠብሰሽ ቆይኝ፣ አሁን መጣሁ ብሎኝ ወጣ። ጠበስሁለት። አንች ልጅ፣ ያ በቆሎ እንዴት እንደ ቀዘቀዘ ለሰው ነግሬ አላውቅም።» የጣሉትን አረም ሰበሰቡ። «ውሰጅው። ኑርልኝ በይው። ግን ለቴአትር ብለሽ የሚያስቅ ሰው እንዳታደርጊው።»

«በአላህ! አላደርገውም።»

«ሸጋ ልጅ ነበር በይ» አሉና ወደ አረማቸው ተመለሱ።

ስሙን ለጓድ ሽመልስ ስሰጠው በጥርጣሬ አየኝ። እሑድ ጠዋት የሴቶች ማኅበር ሲሰበሰብ መድረኩ ላይ ወጥቶ ጠየቀ፤ «በዚህ ቀበሌ ኑርልኝ የሚባል ሰው አለ?»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የወንዙ ዳር ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ስንቱን ጊዜ ሲጠራ ሰምተዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አልመጡም ነበር። ከፊት የተቀመጡት እማማ ተዋቡ፣ የማኅበሩ ትልቋ ሴት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የለም፣ ጓድ» አሉ። «ብትፈልግም አታገኘውም። የለም።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ «የለም፣ የለም» አሉ። ጓድ ሽመልስ ደስ ብሎት ከመድረኩ ወረደ። ሴቶቹ ሲወጡ አንዳቸውም አላናገሩኝም፤ እማማ ተዋቡ ብቻ በአጠገቤ ሲያልፉ ክንዴን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ቤት ውስጥ የነገርሁት ለአባቴ ብቻ ነው። አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ለመጋረጃ የሚሆን አቡጀዲ ልለምነው ገብቼ ነው የነገርሁት። ጨርቁን በክንዱ እየለካ ሰማኝ፤ መሐል ላይ ልኬቱ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።

«አውቀሽ ነው የምትገቢበት?» አለኝ።

«አውቄ ነው፣ አባባ።»

«ጎረቤት ሆኘ ለለቅሶው ሳልደርስ ቀረሁ። በሩ ላይ ደርሸ ተመለስሁ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጨርቁ የሚናገር ይመስል። ከዚያ አቡጀዲውን አጣጥፎ ሰጠኝ። «ብትታሰሪ ስንቅ ማመላለስ አያቅተኝም። በይ ሂጅ፣ ዝናብ እንዳይነካብሽ።»

በዓሉ ደረሰ። ጭቃው ጠጥሮ፣ የወንዙ ዳር ሣር በአደይ ቢጫ ሆኖ ነበር። አዳራሹ ከቀትር በኋላ ሞላ፤ ከፊት ወንበሮች ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በቀዳዳ አያለሁ። አባቴ ኮፍያውን አድርጎ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በሕይወቱ ቴአትር አይቶ አያውቅም። እትዬ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ናቸው። ወሬው ደርሶ ነበር መሰለኝ ሴቶቹ አግዳሚውን ሁሉ ሞልተው መሐል አድርገዋቸዋል።

የባላባቱ ክፍል በሳቅ አለፈ። ከዚያ ሬሳው ገባ፤ ከበሮ መቺው ጋቢ ተሸፍኖ። አስካለ ብቻዋን ወደ መድረኩ መጣች፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ እንደ ልምምዳችን ፀጉሯን አልፈታችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማታ ልጇን ወደ ቤት እንደምትጠራ እናት፣ «ኑርልኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን አነሣችው።

*ኑርልኝ ስልህ፣ እሺ ብለኸኝ፤*
*ለማን አደራ፣ ሰጥተህ ጥለኸኝ።*

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ በአገራችን ሐዘን የገባበት ሰው እንደሚለብሰው። አጠገቧ ያለችው ተከተለቻት። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ። ነጩ ሁሉ ሲገለበጥ እስካሁን ይታየኛል። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ገና እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል። እኔ «ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» እላለሁ ከመጋረጃው ጀርባ። አስካለ ለሁለተኛ ጊዜ «ኑርልኝ!» ብላ ስትጣራ ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑና፣ ወንዙን ይሻገር በነበረው በዚያ ድምፃቸው፣ እኔ ያልጻፍሁትን አወጡት።

*እሸት ጠብሸ፣ በሩን ከፍቸ፤*
*ቀዝቅዞ ቀረ፣ አንተን አጥቸ።*

ከዚያ በኋላ ቴአትር አልነበረም። አዳራሹ በአንድ አፍ አለቀሰ። አስካለ ከመድረኩ ወርዳ እትዬ ጥሩወርቅን አቀፈች፤ እሳቸው ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ልጅ የጠፋበት ሁሉ የራሱን ስም በሆዱ እያለ ያለቅስ ነበር፤ ያች ሲሳይን የጠየቅኋት ሴት እንኳ ልጇ በሕይወት እያለ ፊቷን ይዛ ትንሰቀሰቃለች። መድረኩ ላይ የተጋደመው ሬሳም ማልቀስ ጀምሮ ጋቢው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። የበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሕዝቡ በቴአትሩ የተነካ መስሏቸው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ አንዱማ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ጓድ ሽመልስ ብቻ አላጨበጨበም። እትዬ ጥሩወርቅን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ከዚያም መጋረጃውን አየ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እኔ እንዳለሁ ያውቃል።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠራኝ። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቆቡን በጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ባለቤት የለውም ብለሽኝ ነበር» አለኝ።

«የለውም፣ ጓድ። ባለቤቱ ቢኖርማ ይህ ሁሉ ሰው ምን ያስለቅሰዋል?»

ቆቡን አንሥቶ አገላበጠ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ሊያሳስረኝ ይችል ነበር። ግን ሬሳ እንኳ ያለቀሰበትን ቴአትር ፈቅዶ፣ ስሙንም በአዳራሽ መርምሮ ያጸደቀው እሱ ነው፤ እኔን ቢከስስ ራሱንም ይከስሳል። እንግዶቹም በአውራጃው ውድድር ላይ እንዲቀርብ አዘዋል።

«ስሙን ትቀይሪዋለሽ» አለኝ። «ድል በይው። ለውድድሩ ትሄዳላችሁ፤ ካሸነፍን ለኮሌጅ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እሰጥሻለሁ። ካልቀየርሽው ግን ድጋፍም የለ፣ ኪነትም የለ።»

ኮሌጅ መግባት ሌት ተቀን የማስበው ነገር ነበር። አስተማሪ የመሆን ምኞቴ ያለ ያ ድጋፍ እንደማይሆን አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ብዙ ያመነታሁ መስሎ እንዲታይ መጻፍ እችል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አላመነታሁም። የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ ገና ከቆርቆሮው አልወረደም ነበር።

«አልቀይረውም» አልሁት። «ድል የሚባል ልጅ ማን ወለደ? ማንስ ያለቅስለታል?»

ቴአትሩ ለውድድር አልሄደም። እኔም ከኪነት ተባረርሁ፤ ኮሌጅ የገባሁት እሱ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ በኋላ፣ እኩዮቼ ማስተማር ጀምረው ሳለ ነው። በአባቴ ሱቅ አቡጀዲ እየለካሁ ጠበቅሁ። ቆጭቶኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው፤ ጓደኞቼ ደመወዝ ተቀብለው ሱቃችን ሊገዙ ሲመጡ ይቆጨኝ ነበር። ስሙ ግን አንድ ቀን አልቆጨኝም።

ከቴአትሩ ማግሥት ጠዋት አባቴ ማንንም ሳያማክር እኔን አስከትሎ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄደ። ስንደርስ እማማ ተዋቡ ቀድመውናል። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው እያመጡ ነበር። ለቅሶ መድረስ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ አይደለምም ያለ አልነበረም። ከተለቀሰ በኋላ ጎረቤት ሐዘንተኛ ቤት ይሄዳል፤ የአገሩ ወግ ነው፤ ተለቀሰ፣ ሄድን። እትዬ ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ተቀብለውን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዛሬ እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። የሞቱት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ማንም ማልቀስን በማይከለክልበት ቀን። የለቅሶው ዕለት ከሩቅ የመጣች አንዲት አልቃሽ ነበረች፤ ለሰፈሩም ለሟቿም እንግዳ። ለቀስተኛው ከቦ እንደ ቆመ ወደ እኛ ዘወር አለችና፣ «የማን እናት ልበላቸው?» አለች።

ማን አስቀድሞ እንደ ተናገረ አላውቅም፤ አስካለ ከአጠገቤ ቆማ ነበር፣ የእሷ ድምፅ ይመስለኛል። ግን ወዲያው ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ያን ዘመን ያላየው ጎረምሳ ሳይቀር በአንድ አፍ «የኑርልኝ እናት!» አለ። ስሙ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ኖሮ ነበር፤ እኔ እንኳ አላወቅሁም። አልቃሿም ተቀበለችና ጀመረች።

ለዚያ ለጎረቤት ልጅ ረቂቁን ስመልስ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም፤ ንዴት ይዞኝ ነበርና። ሲመጣ የምለውን ግን ይዣለሁ። ሰዎችህ ሁሉንም እንዲወክሉ አትጨነቅ እለዋለሁ። አንዲቷን ሴት እናቷ ከደጅ ሆና ማታ ምን ብላ እንደምትጠራት እወቅ፤ የቀረው ሰው የራሱን ይዞ ይመጣል።